ቅቤ የተቀባው የዓሣ ማጣሪያ

የቤት እንስሳ ማለት ወይ የሚታለብ፣ ወይ የሚጮህ፣ ወይ የሚታረድ ነው። ከሦስቱ አንዱንም የማይሠራ ከሆነ እንስሳ አይደለም፤ ቀጣሪ ነው። እኔም ሆሳዕና ከሚገኘው ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖሩ ቀያይ ቀጣሪዎች አሉኝ። እነሱ ይዋኛሉ፤ እኔ ቆሻሻቸውን አጥባለሁ።

ዓሣዎቹ የባለቤቴ የአየለች ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ውሃ በተሞላ ፌስታል ውስጥ አድርጋ፣ አውቶቡስ ላይ አቅፋ ነው ያመጣቻቸው። እኔን በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ አላቀፈችኝም። (ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ቪዲዮው አለ።) ሺንሺቾ የሚኖሩት አባቷ፣ አማቴ፣ ወሬውን በስልክ ሲሰሙ "የማይበላ ዓሣ?" ብለው ስልኩን ዘጉ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አየለችን ታንገበግባታለች። ስለዚህ ሊጠይቁን እንደሚመጡ በነገሩን ዕለት ገባኝ... አባቷ ፊት አንድ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ቢገኝ፣ ትዳሬም ከጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል።

ማጣሪያውን ላስተዋውቃችሁ። ከገንዳው ሥር ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ክዳን ያለው ባልዲ የመሰለ ዕቃ ነው። በአንዱ ቱቦ የቆሸሸውን ውሃ ከገንዳው ይስባል፣ ውስጡ ባሉት ስፖንጆች ያጣራል፣ በሌላው ቱቦ ንጹሑን ይመልሳል። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል እንጂ። ቆሻሻ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉበትና እነሱ ከሞቱ ዓሣዎቹም ይከተላሉ ትላለች አየለች። ባጭሩ፣ ብዙም ሳላጸዳ ማጽዳት አለብኝ ማለት ነው። ቢሮ ስለምሠራ ይኼ አልከበደኝም።

የከበደኝ ክዳኑ ነው። ውሃ እንዳያፈስ ዙሪያውን የላስቲክ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት የራሱን ቅባት ይቀባል። አማቴ በሚመጡበት ጠዋት አየለች ማእድ ቤት ስትሯሯጥ፣ እኔ ስፖንጁን አጥቤ ቅባቱን ብፈልግ አልቋል። ሱቅ ሄጄ የላስቲክ ቅባት ብል የፊት ቅባት አወጡልኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ያኔ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔ እህቴ ከሆመቾ ለአታካናው፣ በቡላና በቅቤ ለሚሠራው የእንግዳ ምግባችን፣ በላከችው ቅቤ ላይ አረፈ።

እስቲ ፍረዱኝ! የሐዲያ ልጅ ቅቤ ቤቱ እያለ ቅባት አጣሁ ብሎ ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለሙሽራ ራስ የሆነ፣ ለአራስ የሆነ፣ ለእንግዳ አታካና የሆነ ቅቤ ለአንድ ላስቲክ ያንሳል? ያውም ሳልሰስት ለቀለቅኩት። ክዳኑን ዘግቼ ሶኬቱን ስሰካ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ። ክዳኑ እንኳን ውሃ፣ ጥርጣሬም አላንጠባጠበም።

አማቴ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ገንዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና "ይንቀሳቀሳሉ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው፤ አየለች ፊቷ በራ። አታካናው ቀረበና አማቴ ሊጸልዩ ቆሙ።

መቼም በእኛ ቤት ሽማግሌ ሲጸልይ ዓይን ይከደናል፣ አንገት ይደፋል። ከአሜን በፊት መነቃነቅ ነውር ነው፤ ለአማች ደግሞ የነውር ነውር። አማቴ ስለ መንገዱ አመሰገኑ፣ ስለ ዝናቡ አመሰገኑ፣ ለሚኒባሱ ሹፌር ማስተዋል ለመኑ። ሹፌሩ ላይ ሳሉ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ጠብ... ጠብ... ከዚያ ፏ!

አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። ለካ ቅቤው ላስቲኩን አንሸራትቶ ከቦታው አውጥቶታል። ቱቦው ከላይ ይስባል፣ ባልዲው ከታች ይለቃል፤ ገንዳው ተጋምሷል። ሁለተኛውን ዓይኔን ስገልጥ አየለችም ገልጣለች። በዓይኗ ተነሳ አለችኝ። እኔም በዓይኔ አባትሽ ናቸው፣ አንቺ ተነሺ አልኳት። ጸሎቱ የጃጁራ ዘመዶችን አዳርሶ ወደ ሺንሺቾ መበለቶች አለፈ። ውሃው ካልሲዬን አለፈ። የዓሣዎቹ ጀርባ ከውሃ ሲወጣ ሳይ ልጮህ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጸሎቱ ጭራሽ ረዘመ።

"አሜን" ሲባል ሁለታችንም እየሮጥን ነበር። አየለች ቱቦውን ከገንዳው መዝዛ አወጣችው፤ ፍሳሹ ቆመ። ዓሣዎቹ ስንዝር በማትሞላ ውሃ ውስጥ ተደራርበው ይንፈራገጣሉ። ቧንቧ ሲጠፋ ብላ በበርሜል ያስቀመጠችውን ውሃ በማእድ ቤቱ ባልዲ እያመላለሰች አፈሰሰችላቸው። ሁሉም ተረፉ። እኔም ተርፌ እንደሆነ ለማወቅ ግን ፊቷን ማየት አልደፈርኩም።

አማቴ ተቀምጠው ካልሲያቸውን እየጨመቁ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ውሃው ሲፈስ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ አባባ። ጸሎትዎን ማቋረጥ ከበደኝ።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አሉ። "ግን ቤቱ ያንተ ነው። ባለቤቱ ሳይነሳ እንግዳ ተነስቶ ቤትህ ፈሰሰ ይላል? አንተ እስክትነሳ ብዬ እኮ ነው ጸሎቱን ያስረዘምኩት።"

አየለች ባዶውን ባልዲ እንደያዘች አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን አየች። "ተከባብራችሁ ዓሣዎቼን ልትጨርሱልኝ ነበር" አለች።

እናንተም ዓሣ ለማሳደግ ካሰባችሁ ምክሬ ይኼው ነው... ቤታችሁ አንድ ባለጌ አይጥፋ።