የጨለለቂ ጭቃ በሸራ ላይ

በየደረሰበት ከተማ የሥዕል ኤግዚቢሽን ካላየ የተጓዘ የማይመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ። አገጬን ይዤ «ጥልቀት አለው» ለማለትማ ማን ብሎኝ።

ዘንድሮ ወደ ተወለድኩባት ነቀምቴ ስመለስ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቀይ ቀለም ብቻ የተለቀለቀበት ሸራ ፊት ቆምኩ። «የዘመኑ ሰው ብቸኝነት ነው» አልኩ፣ ሰው እንዲሰማኝ።

አጠገቤ የነበሩ አሮጊት እንደ ልጃቸው በኦሮምኛ «ኢልመ ኮ» አሉኝ። «ይሄማ የጨለለቂ መንገድ ነው፤ አስፋልት ሳይገባ፣ በሐምሌ።»

ተጠግቼ አየሁት። እውነትም ያ የልጅነት ሰፈሬ ጭቃ ነው፤ እናቴ ደጃፍ ቆማ «እግርህን ሳትጠርግ እንዳትገባ» የምትለኝ። ዛሬ ቤቱም እሷም የሉም።

ከአዳራሹ ስወጣ ንጹሕ ጫማዬን በሩ ላይ ደጋግሜ ጠረግሁ።

ጥበቃው ግራ ገብቶት «ጋሼ፣ የሚጠረገው ሲገባ ነው» አለኝ።

«እየገባሁ ነው» አልኩት።