አቃቤ ሕግ ከራስጌ

የትኛውም ቀዶ ጥገና ክፍል ግቡ፣ በሽተኛን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ከራስጌ የሚቆመው የሰመመን ባለሙያ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ክቡር አቃቤ ሕግ» እንለዋለን። እኔ መሣሪያ አቀባይ ነርስ ነኝና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ችሎቱን ታድሜያለሁ።

«ምን በላህ?» ይላል። «ምንም» ያለ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። «ውኃስ? ወተትስ? ለቅምሻ ያህልስ?» አንድ የተከበሩ ርእሰ መምህር በሦስተኛው ጥያቄ «ግማሽ ሙዝ» ብለው አመኑ። ቀጠሯቸው ለማግስቱ ተዛወረ።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሰው ሲደነዝዝ የጨጓራው አፍ ይላላል፤ ውስጡ ያለው ሽቅብ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

አምና አንድ ሻጭ አዲስ የጉሮሮ ጭንብል ይዞ መጣ። በሽተኛው እንዲተነፍስበት ማንቁርት ላይ ይቀመጣል፤ ከጨጓራ የሚመጣውን ወደ ውጭ የሚመራ ሁለተኛ ቀዳዳም አለው።

«ከእንግዲህ አየር ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ምን ያደርግልዎታል?» አለ ሻጩ።

አቃቤ ሕጋችን ጭንብሉን እጅ መታጠቢያው ዘንድ ወስዶ ውኃ አፈሰሰበት፤ አገላብጦ አየው፤ ወደደውም። «ግን ይሄ በር ነው እንጂ መቆለፊያ አይደለም፤ የሳንባን መንገድ አይዘጋም» አለ።

አንድ ማለዳ እጃቸው የተሰበረ እናት ገቡ።

«ምን በሉ፣ እናቴ?»

«ከትናንት ወዲህ እህል ባፌ አልዞረም፣ ልጄ።»

«ሲተኙስ ቃር ይነሳብዎታል?»

«እሱማ! ሦስት ትራስ ደርቤ ነው የምተኛው።»

«ቱቦ!» አለ ወደ ረዳቱ ዞሮ።

ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። «የግማሽ ሰዓት ሥራ'ኮ ነው! ጭንብሉ አይበቃም?»

«አንተ እጃቸውን ጠግን፤ ሳንባቸው የኔ ነው።»

ቱቦው አየር ቧንቧቸው ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው ያለው ፊኛ ተነፍቶ መንገዱን እንደዘጋ፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ካፋቸው ገንፍሎ ወጣ። በመምጠጫ ተጠረገ። ሳንባቸው ተረፈ። ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ገጠመ። አቃቤ ሕጉም «አላልኩህም?» አላለም። እናትየው ሲነቁ «ጉሮሮዬን ምን አደረግኸው?» ብለው ተቆጡት፤ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ባለፈው ወር የእኔ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ደረሰ። አቃቤ ሕጋችን ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ጎኔን እየወጋኝ ቀኑን በሁለት ሳምንት አስገፋሁት። ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢለኝ «ሥራ በዝቶብኝ» አልኩት። ያንን ነዝናዛ ስጠብቅ እንደነበር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰምቶ እንዳይኮራብኝ።