ታካች የተባለው አማች

ስም ያወጣልን ሰው፣ ያ ስም ባሕር ሲሻገር ምን እንደሚገጥመው አስቦ አያውቅም። የኛው ስም አሜሪካ ሲደርስ የፈረንጅ አፍ ያደናቅፋል፤ የፈረንጁም ስም እኛ ሰፈር ሲገባ ጣጣ አያጣውም። አላመናችሁም? እንግዲያው ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩበትን ልንገራችሁ።

የላከን ፒተር ነው፤ እዚህ አሜሪካ የቫን ናይስ ሰፈር ጎረቤቴ፣ የሃንጋሪ ዘር። የወደዳት ቤዛ ነርስ ናት። አባቷ ጋሼ ደምሴ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላቸው፤ ከወግ ፍንክች የማይሉ ሰው ናቸው። ልጁ ውጭ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲጠብቅ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ገብተን ቆምን።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ፒተር ታካች ይባላል» ከማለቴ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ደምሴ ብቻ አልሳቁም።

«ታካች? ገና ከስሙ የሰነፈ ልጄን ሊያኖርልኝ?»

«ጋሼ፣ በነሱ ቋንቋ ሌላ ትርጉም አለው!» ብዬ ጥልቅ አልኩ። ትርጉሙን ግን የት አውቄው! ልጁ ይጠራ ተባለ።

ፒተር ከረባቱን እያስተካከለ ገባ። ቤዛ ከጓዳ ብቅ ብላ የስሙ ትርጉም እንደተጠየቀ ስትነግረው ፊቱ በራ። «ታካች ማለት» አለ፣ ያጠናትን አማርኛ እየጎተተ፣ «ሸማኔ ማለት ነው። የአያቶቼ አያቶች ሸማኔ ነበሩ!»

ከድጡ ወደ ማጡ! ያገሬን ሰው ታውቁት የለ? የሸማኔን ጥበብ ለብሶ ሸማኔን ይንቃል። ጋሼ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም በልቤ መኪናዬን አስነሣሁ።

ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። «አንቱ! ይህችን ልጅ ያስተማረልን የሸማኔ እጅ አይደለም እንዴ? ሸማኔን ከናቁማ ነገ ሱቁን ይዝጉት!»

ጋሼ ደምሴ የነጠላቸውን ጥለት ነካ ነካ አደረጉ። ቆይተው ፒተርን «ና ወዲህ» አሉና ጥለቱን አስያዙት።

«በእጅ ነው የተሠራው?» አለ ልጁ፣ በስስት እየዳበሰው።

«በእጅ። እንዳያቶችህ።» ከዚያ ወደኛ ዞረው፣ «ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው! እኔም የጉልበቴን ሕመም ረስቼ ዘለልኩ።

ምሳ ላይ ደግሞ ጋሼ ደምሴ የስሙ ጠበቃ ሆነው ቁጭ። «እንግዲህ ቤዛ ታካች ልትባዪ ነው» አሏት።

«አልባልም፣ አባዬ። ያገራችን ሴት በባሏ ስም ትጠራለች እንዴ? እኔ ቤዛ ደምሴ ነኝ።»

«ሸማኔ ምን ሆነ? ንቀት ነው ይሄ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። አፋቸው ይቆጣል፤ ጥርሳቸው ግን አልከደን አለ።