ሻጭ የማይጠራበት አገር

ዝናብ እየጣለ መኪና ልትገዙ አትውጡ። ሌላውን ምክሬን ብትተዉት ግድ የለም፣ ይቺን ብቻ ያዙልኝ። ሲያትል ላይ ተቀምጦ ዝናብ የሌለበትን ቀን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በእግሩ ይቀራል፤ እሱን እናንተው ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከደሴ ልትመጣ ቲኬት ተቆርጦላታል፤ ሐሙስ ሲታክ ኤርፖርት ትገባለች። አሮጌዋ መኪናችን ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ ዘይነባና ሦስት ልጆቻችን ተጣጥፈን ነው የምንሄደው። እናቴን የት ላስቀምጣት? ሻንጣዋንስ? ከደሴ የሚመጣ ሻንጣ መቼም ልብስ ብቻ አይይዝም። በርበሬው አለ፣ በሶው አለ፣ የጎረቤት አደራ አለ። ሶ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ ቫን ያስፈልገናል፣ ያውም ከሐሙስ በፊት።

መግዛቱስ ባልከፋ። ያስጨነቀኝ እናቴ ናት። ጉንጬን ስማ፣ አልሐምዱሊላህ ብላ ስታበቃ ቀጥሎ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ። "ስንት ብሎህ ስንት አስቀነስከው?" ለዚህ መልስ ሳልይዝ እንዴት ኤርፖርት እሄዳለሁ?

እናቴ ደሴ ገበያ ላይ ጨርቅ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ አያት ነበር። ገዢ ይመጣል። መጀመሪያ ሰላምታ አለ፣ ቀጥሎ የቤተሰብ ጤና አለ፣ ከዚያ "የማን ልጅ ነህ?" አለ። ዋጋ ስትነግረው እንደተሰደበ ሰው ይደነግጣል። እሷም በተራዋ እሱ በሰጣት ዋጋ ትደነግጣለች። በመጨረሻ ጥሎ ይሄዳል። ሄደ ስላችሁ ሄደ እንዳይመስላችሁ፤ እግሩ ይራመዳል እንጂ ጆሮው እኛው ጋ ነው። እሷ ጨርቁን እያጣጠፈች በዓይኗ ትሸኘዋለች። ትንሽ ራቅ ሲል፣ "ና እሺ፣ ተመለስ፣ ባልከው ይሁንልህ" ትለዋለች። ሲመለስ ሁለቱም እየሳቁ ነው። ልጅ ሆኜ የተጣሉ እየመሰለኝ እፈራ ነበር። በኋላ ሰርግ ሲጠራሩ አየሁና ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ያ ጫጫታ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ወደ ቫኗ ልመለስ። መካሪ ሞልቶ። አንዱ አዲስ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው አዲስ መኪና ከመሸጫው በር ስትወጣ ዋጋዋ ይወርዳል ይለኛል። ይሄ አልዋጥልህ አለኝ። አገር ቤት መኪና እያረጀች ነው የምትወደደው። ነድተሃት፣ ልጅ አሳድገህባት፣ ከገዛህበት አስበልጠህ ትሸጣታለህ። እዚህ ገና ቁልፉን ስትቀበል ትረክሳለች። ምን አጥፍታ?

ዘይነባ ግን ነገሩን ቀድማ ጨርሳዋለች። ያገለገለች ትሁን፣ መካኒክ ሳያያት አንነካትም፣ ወለድ ቤታችን አይገባም፣ የምንከፍለውም ከእቁባችን ነው አለች። ኢንሹራንሱንም ደውላ ጠይቃለች። እኔ የቀረችኝ ሥራ ማስቀነስ ብቻ ናት።

ለማስቀነስ ደግሞ ጋሽ ሰይድ አሉ። የዘይነባ አጎት ናቸው፤ ዱሮ መርካቶ ነጋዴ ነበሩ፣ እዚህ ኤርፖርት ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ያለ እሳቸው ዕቃ የገዛ ሐበሻ ተበልቷል ነው የሚባለው። ማክሰኞ ዕለት እኔና ዘይነባ ይዘናቸው ቡሪየን ወዳለ መኪና መሸጫ ሄድን። ቫኗ ግራጫ ናት፣ መካኒካችን አይቶ "ሸጋ ናት" ብሏል። ዋጋዋ መስታወቷ ላይ ተለጥፏል። ሻጩ ፈገግታ የማይለየው ወጣት ፈረንጅ ነው። ጋሽ ሰይድ ከተለጠፈው ላይ ሲሶውን ቆርጠው ጠሩለት። ልጁ አልደነገጠም። ዋጋው ለሁሉም ሰው አንድ ነው፣ አይቀነስም አለ፣ በትህትና።

ጋሽ ሰይድ በአማርኛ፣ "እንሂድ። ቀስ እያልክ" አሉኝ።

ወጣን። እንደዚያ ዝግ ብዬ የተራመድኩት ቀብር ስሸኝ ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ አንድ ቦታ ቆመው የሰው መኪና ጎማ መረመሩ። ሌላ ቦታ የጫማቸውን ክር ፈትተው አሰሩ። ካፊያው ይወርድብናል። "አሁን ይጠራናል" ይሉኛል። በሩ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም፣ ዞር አልኩ። ልጁ መስኮቱ ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘልን። ቻው ማለቱ ነው።

አውቶቡስ ፌርማታው ስር ተጠለልን። የራሳችንን መኪና ግቢው ውስጥ ፓርክ እንዳደረግናት ትዝ ያለን እዚያ ነው። እንግዲህ በምን ዓይናችን እንመለስ? ይሄኔ ሌላ ቤተሰብ መጥቶ የቫኗን በር ከፍቶ ያይ ጀመር። ሐሙስ ደረሰ እኮ። ዘይነባ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ አጎቷን አየች። "እናንተ ጥሪያችሁን ጠብቁ፣ እኔ ልጆች አሉኝ" ብላን ተመለሰች።

ከቆይታ በኋላ ቫኗን እየነዳች መጣችና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይግቡ" አለች። ጋሽ ሰይድ ስንት ቀነሰልሽ አሏት። "ምንም" አለቻቸው። እሳቸው የጫማቸውን ክር እንደገና ፈትተው አሰሩና ገቡ። እኔ አሮጌዋን ላመጣ ስገባ ልጁ ደግሞ እጁን አወዛወዘልኝ።

ሐሙስ ደረሰ። እናቴ ስማኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብላ፣ የቫኗን ወንበር በእጇ ዳበስ አደረገችና ጠየቀችኝ። ምን እላለሁ? እውነቱን ነገርኳት። ጥለን ወጣን፣ አልጠራንም አልኳት።

"ፈጽሞ?" አለች።

"ፈጽሞ።"

እኔን ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ምስኪን፣ ያስተማረው ሰው የለም ማለት ነው። በል ውሰደኝ" አትለኝም?

ቅዳሜ ወሰድኳት። አስተርጓሚ እንድትሆን ትልቋን ልጄን ሀያትን ይዘናል፤ መንገዱን ሙሉ "ዳድ፣ ፕሊስ፣ ኖ" ስትል ነበር። እናቴ ለሻጩ ዳቦ ቆሎዋን ዘርግታለት ቁጭ አለች። የማን ልጅ ነህ አለችው። እናትህ አለች ወይ አለችው። አለች፣ ግን ሩቅ ናት፣ ከደወልኩላት ቆየሁ አለ። ዛሬውኑ ደውል ብላ አዘዘችው። ከዚያ ወደ ትምህርቷ ገባች። ገዢ ጥሎህ ሲሄድ ልቡን አንተ ጋ ትቶ ነው፣ ቆመህ አትየው፣ ጥራው አለችው። ልጁ ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመ ከልቡ ይሰማታል። ሀያት እንኳ ማፈሯን ትታ መሳቅ ጀምራለች።

ተሰናብተን ወጣን። ካፊያው እንደ ልማዱ ነው። በሩ ጋ ልንደርስ ስንል ከኋላችን "ማማ፣ ማማ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጁ የእናቴን ሻርፕ ይዞ እየሮጠ ነው፤ ወንበሩ ላይ ትታው ኖሯል። ልዞር ስል እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"አትዙር" አለችኝ እርምጃዋን ሳትለውጥ። "በመጀመሪያው ጥሪ የዞረ ምንም አያስቀንስም።"

"እማ፣ መኪናዋን እኮ ገዝተናታል።"

"ቢሆንም" አለች።