«ፕላኔት» የተባለው ላንድሮቨር

(በደርግ ዘመን፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ሁለት አረንጓዴ ላንድሮቨሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። በመኪናና በሱቅ በር ላይ ስም በመጻፍ የሚተዳደሩት ጋሽ ቀለሙ ባንደኛው በር ላይ በነጭ ቀለም «ፕላኔት» እያሉ ይጽፋሉ። ወደ ቦሩ ሜዳ ሰው የሚያመላልሰው ሾፌር ሙሄዲን ከሶላት ሲመለስ ያያቸውና እየሮጠ ይመጣል።)

ሙሄዲን፦ ጋሽ ቀለሙ፣ ይቁሙ! ኧረ ይቁሙ!

ቀለሙ፦ ትርጉሙን ሳታውቅ አዘህ፣ አሁን ልትጸጸት ነው?

ሙሄዲን፦ የትርጉም ነገር አይደለም፤ መኪናው...

ቀለሙ፦ መኪናውን ተወው፣ ቃሉን ስማ። ፕላኔት የግሪክ ቃል ነው። ምን ማለት ይመስልሃል?

ሙሄዲን፦ እ... ሰማይ ላይ የሚዞረው ነዋ።

ቀለሙ፦ ተንከራታች! ሌሎቹ ከዋክብት ተርታቸውን ይዘው ሲሄዱ እሱ ብቻ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ቢሆንባቸው፣ ግሪኮቹ እንደዚያ አሉት።

ሙሄዲን፦ (የመጣበትን ረስቶ) ወላሂ ገደሉኝ! ተንከራታች ላይ ተሳፍሮ ቦሩ ሜዳ እደርሳለሁ የሚል ማን አለ? ትናንት አይነግሩኝም?

ቀለሙ፦ ትናንት አልጠየቅኸኝም።

ሙሄዲን፦ «ኮሜት» ቢሉትስ? ያ ጅራታሙ።

ቀለሙ፦ እሱም ግሪክ ነው። ጸጉረ ረጅም ማለት ነው።

ሙሄዲን፦ (ኮፍያውን ወደ ግንባሩ እየሳበ) በመላጣዬ ሊሳቅብኝ!

ቀለሙ፦ «ሳተላይት» አለልህ። የላቲን ነው፤ የጌታ አጃቢ።

ሙሄዲን፦ ጌታ የሚባል ቀረ በተባለበት ዘመን? ሊያሳስሩኝ ነው!

ቀለሙ፦ እንግዲያው ፕላኔትህን ቻለው። (የመጨረሻዋን «ት» ይጨርሳሉ።) አለቀ! አላማረም?

ሙሄዲን፦ ማማሩንስ አምሯል። ግን ጋሼ፣ ቅድም ልነግርዎ የነበረው...

ቀለሙ፦ በል ተናገር፣ አሁን እሰማሃለሁ።

ሙሄዲን፦ የኔ መኪና ያኛው ነው።

ቀለሙ፦ (ብሩሹ ከእጃቸው ይወድቃል) ይሄስ የማን ነው?

ሙሄዲን፦ የቀበሌያችን ጓድ ሊቀመንበር።

ቀለሙ፦ አንተ ሰውዬ! ምነው ዝም አልከኝ?

ሙሄዲን፦ መች አስጨረሱኝ? «መኪናው» ስል ግሪኮቹን አመጡብኝ!

ቀለሙ፦ ጨርቅና ጋዝ አምጣ! ቶሎ!

ሙሄዲን፦ አይደርስም። ያውና፣ እየመጡ ነው።

ቀለሙ፦ (ክንዱን ይዘው) ሙሄዲን፣ ወንድሜ፣ «ምን ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል?

ሙሄዲን፦ «አላውቅም» ይበሏቸው።

ቀለሙ፦ እኔ? «አላውቅም»?

ሙሄዲን፦ አዎ፣ «አላውቅም»።

ቀለሙ፦ እሷ ቃል እኮ ከአፌ ወጥታ አታውቅም!

ሙሄዲን፦ እንግዲያው ይለማመዷት፤ ሊቀመንበሩ ገና መንገዱን እየተሻገሩ ነው።