ብቻውን የሚበስል እራት

ከሥራ ውሎ የገባ ሰው እራት ይሥራ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ የቢሮ ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትወጣላችሁ። ባጃጅ ትሳፈራላችሁ፤ ባጃጁ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ቤት ስትደርሱ እግራችሁ አብጧል፣ ሽንኩርቱ ግን ገና አልተላጠም። ክተፉ፣ አቁላሉ፣ አማስሉ፣ ውሃ ጠብ አድርጉ፣ ደግሞ አማስሉ። ወጥ ሕፃን ልጅ ማለት ነው፤ ዞር ካላችሁ ጉድ ይሠራችኋል። ስልክ ላንሳ ብላችሁ አንድ ደቂቃ ብትዘነጉት ሥሩ ያርራል።

እኔ አምቦ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነው የምውለው። ስለ ፋይል ግን ማን መስማት ይፈልጋል? የማወራችሁ በአንድ ትሪ ስለሚሠራ እራት ነው። ድንቹም፣ ካሮቱም፣ ሥጋውም አንድ ላይ ይደረደራል፣ ኦቨን ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። አለቀ። ማማሰል የለ፣ መጠበቅ የለ። እስኪበስል ልብስ ትቀይራላችሁ፣ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ ትነክራላችሁ። ከተበላ በኋላ የሚታጠበው ያው አንድ ትሪ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ባለቤቴ ቶሎሳ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የምጽፈውም እንዳልረሳው ብዬ ነው። ፊቱንማ አልረሳም፣ ፎቶው አለ። የሚጠፋብኝ ፎቶ ያልተነሳው ነው፤ ድንች እንዴት ይቆርጥ እንደነበር፣ ሲቆርጥ ምን ይል እንደነበር።

ቶሎሳ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነበር። ድንች ሲቆርጥም በማይክሮስኮፕ ሊያየው የሚያዘጋጅ ነበር የሚመስለው። ሁሉም እኩል መሆን አለበት። አንዱ ወፈር ካለ ከረድፉ ያወጣዋል። "ይሄኛው ዘግይቶ ይበስላል፣ ጓደኞቹን ያስጠብቃል" ይላል። ኦቨኑን የገዛው ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ ባልደረባው ነው። አሮጌ ነው፣ የኋላ ቀኝ ጥጉ ከሌላው ይልቅ ይግላል። እዚያ ጥግ ካሮት ነበር የሚያስቀምጠው። ካሮት ቻይ ነው ይል ነበር። ሽንኩርቱ በትልልቁ ይከተፋል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ይገባል፣ ዘይት፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል። ዶሮ ሲኖር ከላይ ይሆናል፣ ስቡ ወደ ድንቹ እንዲወርድ። ይኼው ነው። ከስልክ ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው የተማረው፤ እኔን ግን የራሱ ግኝት አስመስሎ ነው ያስተማረኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ሲሠራ መጋረጃ ይዘጋ ነበር። ጎረቤት ፈርተህ ነው ወይ ብዬ ሳቅሁበት። ጎረቤትስ ይየኝ፣ እናቴ እንዳትሰማ ነው አለኝ። እናቱ ያሉት እጃጂ ነው። ከአምቦ እጃጂ መኪና ተሳፍሮ ነው የሚኬደው። ወሬ ግን መሳፈሪያ አይጠብቅም።

የጾሙን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሱ ጴንጤ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ጾምና ፍስክ ደግሞ አንድ ትሪ ላይ አይደረደርም። ቶሎሳ መሃል ላይ የድንች ግድግዳ እንሥራና እንካፈለው አለ። ስቡ ግድግዳ አያውቅም አልኩት። እንግዲያው ሁለት ትሪ ይሁን አልኩት። ሁለት ትሪ ማጠብ ሲያስብ ፊቱ ጠቆረ። "በቃ እኔም እጾማለሁ" አለ።

ጾመም። ስድስት ዓመት ሙሉ ረቡዕና ዓርብን ጾመ። በእሱ ቤተ ክርስቲያን ሚስቱ ጎተተችው ተባለና ሽማግሌ መጥቶ ጠየቀው። በእኔ ዘመዶች ዘንድ ደግሞ ጸሎቷ ተሰማ ተባለልኝ። አክስቴማ እልል ብላ ስለቷን ልታስገባ ተነስታ ነበር። ሰውዬው የጾመው ዕቃ ማጠብ ጠልቶ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

ከዚያ ታመመ። ብዙም አልቆየ።

መጀመሪያ ላይ ቤቱ ሰው አይጠፋውም ነበር። በኋላ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ፣ መመለስም አለበት። ልጃችን ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ናት። አንድ ማክሰኞ ማታ ለራሴ ድንች ቆርጬ ትሪው ላይ ደረደርኩ። ትሪው ለብቻ ሰው ትልቅ ነው። ድንቾቹ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ኩረጃ ተፈርቶ የተበታተኑ ተፈታኞች መሰሉ። ሳቅሁ። ቀጥሎ አለቀስሁ። ድንቹም አረረ። ከዚያ ወዲህ ለራት ሻይና ዳቦ ሆነ የምቀምሰው። ለማንም አልነገርኩም።

ታዲያ በዚህ መሃል አማቴ አዴ ዲንቂቱ ከእጃጂ መጡ። የደም ግፊት ክትትል አለባቸው፣ ሁለት ሳምንት ቆይተው ሊመለሱ ነው። እኔ ግን ገና በሩን ሲገቡ አንድ ነገር ተመኘሁ፤ እንዳይሄዱ። ለምን በሉኝ። ቢሮ ውስጥ ሰው የቶሎሳን ስም አይጠራም። እንዳላለቅስ አዝነውልኝ ነው፣ ይገባኛል። አዴ ግን በቀን አሥር ጊዜ ይጠሩታል። "ቶሎሳ ሕፃን ሆኖ አፈር ይበላ ነበር፣ ለዚህ ነው ሐኪም ቤት የገባው።" "ቶሎሳ ውሃ ሲቀዳ ግማሹን መንገድ ላይ ነው የሚጨርሰው።" እኔ የማላውቀው ቶሎሳ እሳቸው ጋ አለ። እሳቸው ከሄዱ እሱም አብሯቸው እጃጂ ሊሄድብኝ ነው።

ስለዚህ ላስደስታቸው ተነሳሁ። እንዳይደክማቸው፣ እሳት እንዳይነካቸው፣ ጭስ እንዳያዩ። የአንዱን ትሪ እራት እንደገና ጀመርኩ። ሽንኩርት ሊልጡ ቢላ ሲያነሱ፣ "አዴ፣ እርስዎ ይቀመጡ" እላለሁ። ብርጭቆ ሊያጥቡ ሲነሱ፣ "ተዉት አዴ፣ ይረፉ።" በጣም ጥሩ ምራት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትሪውን አስገብቼ በሩን ስዘጋ ቆመው አዩኝ።

"አሁን ማነው የሚጠብቀው?" አሉኝ።

"ማንም አይጠብቀውም አዴ፣ ብቻውን ይበስላል።"

"ብቻውን? ተዘግቶበት?"

አዎ አልኳቸው። አላመኑም። ዱካ ጎትተው ኦቨኑ ፊት ተቀመጡ። የታመመ ሰው የሚያስታምሙ ነበር የሚመስሉት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሩን ከፈቱ። አዴ፣ ሙቀቱ ይወጣል አልኳቸው። "ላየው ነው እንጂ ልነካው ነው?" አሉ። እንደገና ከፈቱ። ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጀው እራት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ልብስ ቀይሬ ስመለስ ማማሰያ ይዘው ትሪውን ከዳር እስከ ዳር እያማሰሉት አገኘኋቸው። ያ ሁሉ በእኩል በእኩሉ የተቆረጠ ድንች ፍርፍር ሆኗል። "ሊይዝ ነበር፣ ደረስኩለት" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ቅዳሜ እሄዳለሁ" ማለት ጀመሩ። ይቆዩ እላለሁ። ይቅርብኝ ይላሉ። ምን አጎደልኩ? አንድ ማታ ጨነቀኝና ጠየቅኋቸው።

"ምንም አላጎደልሽም" አሉኝ። "እኔ ግን እዚህ ሥራዬ ምንድነው?"

"ምን ሥራ አለብዎት አዴ? እርስዎ እንግዳ ነዎት።"

ይህችን ቃል ከአፌ ባወጣሁ በማግስቱም፣ ዛሬም፣ ምላሴን መንከስ ያምረኛል። "በልጄ ቤት እንግዳ ነኝ?" አሉ ቀስ ብለው። "ደግ። እንግዳ ደግሞ ቅዳሜ ይሄዳል።" ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው በሩ አጠገብ አቆሙት። ማክሰኞ ነው ይሄ። ሻንጣው ረቡዕም እዚያው ቆሟል፣ ሐሙስም።

ሐሙስ ጠዋት ዶሮውንም ድንቹንም ደርድሬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩና፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኦቨኑ ውስጥ ያስገቡልኝ፣ ይህችን ቁልፍ ብቻ እዚህ ድረስ ያዙሩልኝ ብዬ ሄድኩ። ቢሮ ስብሰባ ሆነና ቆየሁ። ሰፈራችን ስደርስ መብራት የለም። ዶሮው ጥሬውን ቀርቷል፣ አሮጊቷ ጨለማ ውስጥ ጦማቸውን ተቀምጠዋል፣ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሄዳሉ ብዬ መሮጥ ጀመርኩ።

ግቢው በር ላይ ስደርስ የቁሌት ሽታ ተቀበለኝ።

አዴ ደጅ ላይ ከሰል አያይዘዋል። አንድ አይደለም፣ ሁለት ምድጃ። የትሪው ነገር ተበትኗል። ዶሮው ለብቻው ወጥ ሆኗል። ድንቹ አልጫ ሆኖ ሌላ ድስት ውስጥ ነው። ካሮቱ ከጎመን ጋር ሌላ ድስት ውስጥ። ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረ ዕቃ በሙሉ ወጥቷል፤ ለሠርጋችን የተሰጠንና ተጠቅልሎ የኖረው ድስት ሳይቀር እሳት ላይ ተጥዷል። እሳቸው ግንባራቸው ጥላሸት ነክቶት፣ ማማሰያ በእጃቸው፣ ከጎረቤታችን ከኦቦ ገመቹ ጋር በአጥር ላይ በኦሮምኛ ይጨቃጨቃሉ። ኦቦ ገመቹ መብራት ጠጋኝ ናቸው። የጠፋው መብራት የእርሳቸው ጥፋት ይመስል አዴ እየወቀሷቸው ነው።

"ነይ ኢንተላ ኮ!" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከማክሰኞ ወዲህ አላሉኝም ነበር። "ያ ሣጥንሽ ሞተልሽ! እኔ ባልኖር ዛሬ ጦምሽን ታድሪ ነበር።"

አፌ ላይ የመጣው "ለምን ደከሙ አዴ" የሚል ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ዋጥኩት።

"እውነትዎን ነው" አልኩ። "ባይኖሩ ምን እበላ ነበር?"

ቀና ብለው አዩኝ። ዱካ በእግራቸው ገፋ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ነጭ ሽንኩርት እንድልጥ ሰጡኝ። ስንልጥ ቶሎሳ ሰባት ዓመቱ ላይ የጎረቤት ዶሮ ሰርቆ እንዴት እንደተያዘ ነገሩኝ። ያን ማታ ሁለት እንጀራ በላሁ። መቼ እንደዚያ እንደበላሁ አላስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣው በሩ አጠገብ ነበር። አዴ ነጠላቸውን ለብሰዋል። እኔም ያን ጊዜ በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ትልቁን ዋሸሁ። "ኦቨኑ ተበላሸ አዴ፤ መብራቱ ሲመለስ በኃይል መጥቶ አቃጠለው" አልኩ። ይህን ያህል ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

"ተቃጠለ?" አሉ።

"ተቃጠለ።"

"ታዲያ አንቺ ምን ልትበዪ ነው?"

አላውቅም አልኩ። ተነፈሱ። ነጠላቸውን አወለቁ። "እስኪሠራ ልቆይ እንጂ፣ ምን ይደረጋል" ብለው ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር መለሱት።

ይኼው ወራት አለፉ። ከሥራ ስገባ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ በዚህ በኩል አማስይ፣ በዚያ በኩል አውጪ እየተባልኩ እታዘዛለሁ። ከበላን በኋላ አራት ድስት፣ ሁለት መጥበሻ፣ ቁጥር የሌለው ጭልፋ አጥባለሁ። ክንዴ ይዝላል። ለደከመ ሰው ቀላል እራት አስተምራችኋለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሠራሩን ነግሬያችኋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ሥሩት። ሰው እንዲቆይላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ግን አትሥሩት።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ገመቹ በር ላይ አስቆሙኝ። እኔ ቢሮ እያለሁ ኦቨኑን ላይልሽ ገብቼ ነበር አሉኝ። ደነገጥኩ።

"ደህና እኮ ነው። ሰካሁት፣ ወዲያው ጋለ" አሉ። "ለአዴ ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"መሰኪያውን ነቅለው እጄ ላይ ሰጡኝና፣ ተበላሽቷል በል አሉኝ። ልጅቷ ብቻዋን ከሆነች አትበላም፣ አንተም አፍህን ዝጋ አሉኝ።"

ገባሁ። ራት በላን፣ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። አዴ ከኋላዬ መጡ።

"ኢንተላ ኮ፣ የዚያ ሣጥን መለዋወጫ መጣ?"

"አልመጣም አዴ። ከአዲስ አበባ ነው የሚጠበቀው።"

"አዪ" አሉ፣ አንድ ያልታጠበ ድስት እየጨመሩልኝ። "አዲስ አበባ እኮ በጣም ሩቅ ነው።"