የአንድ ሸክም ሣር እርማት

በኢንተርኔት ስለ አገር ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው፤ «ልክ ነህ» የሚለው እና ካድሬ የሆነው። ሦስተኛ ዓይነት የለም። እኔ እንኳ ለዓመታት ያመንኩት እንዲህ ነበር። ምናልባት እርስዎም አንድ ቀን አስተያየት መስጫው ላይ ብቅ ብለው «ወንድሜ፣ ይህቺ ነገር እንኳ እንዲህ አይደለችም» ብለውኝ ከነበረ፣ ያኔ ምን ብዬ እንደመለስኩልዎ ላስታውስዎ አልፈልግም። ይቅርታዎን ግን እፈልጋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር፣ ከደብረ ታቦር ወጥቶ በጉና ተራራ ሥር በሚያልፍ መኪና መስኮት ነው። ሰፊ የግጦሽ መስክ ዙሪያውን ታጥሯል፤ ከብቱ ከውጭ ቆሞ ሣሩን ያያል፤ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ብቻቸውን ትልቅ ሸክም ሣር ይዘው ከውስጥ ይወጣሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ፎቶ አነሳሁና «የወል መሬት ያጠሩ ባለጊዜ» የሚል ጽሑፍ ጨምሬበት ለጠፍኩት። ሕዝቡ ተቀባበለው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ።

ከስድቡና ከሙገሳው መሃል አንዲት አጭር አስተያየት ነበረች። ጸሐፊዋ ብርቱካን የምትባል የዚያው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። «አጥሩ የሁላችንም ነው» ትላለች። «ሣሩ እንዲያገግም አገሩ ተስማምቶ ዘጋው። የሚታጨደው በዕጣ ነው፤ የዚያን ቀን ዕጣው ፎቶ ያነሷቸው ሽማግሌ፣ የአያ ስመኘው ነበር።»

እኔም እንደ ልማዴ መለስኩ፦ «የካድሬ ወሬ።»

ብትሳደብ እንዴት በቀለለኝ። «እሺ፣ ካድሬ ልሁን» ብላ ቀጠለች። «እዚሁ ቀበሌያችን ደምሌና ወንድሙ በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ ለእርቅ የያዟቸው አያ ስመኘው ናቸው። እርቁ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። አሁን ደምሌ የእርስዎን ጽሑፍ በስልኩ እያሳየ የወል መሬት በበላ ሽማግሌ አልዳኝም ብሏል። ይምጡና ይዩ።»

ደነገጥኩ። በእኔ አንድ ፎቶ ሁለት ወንድማማቾች ሊጋደሉ ነው።

ለብርቱካን እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩና እሁድ ሄድኩ። ሰዉ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሐሳቤ በአጭሩ ይቅርታ ጠይቆ መመለስ ነበር። አያ ስመኘው ግን «መጀመሪያ የጻፍኸውን አንብብልን» አሉኝ። እርስዎ ስለ አንድ ሰው የጻፉትን እዚያው ሰውዬው ፊት ቆመው፣ ጮክ ብለው አንብበው ያውቃሉ? አይሞክሩት።

«ከአረንጓዴው የገብስ ማሳ ባሻገር» ስል አንዲት እናት አስቆሙኝ። «በጥር? ወቅተን ጎተራ ካስገባን ስንት ጊዜያችን።» ሌላው ተነሳ። «የተራቡ ያልሃቸው በሬዎች የእኔ ናቸው። ጠግበው ነው የቆሙት።» እያንዳንዱ ከማረሙ በፊት እጅ ይነሳል፤ ካረመኝ በኋላ መርቆኝ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ አስተያየት መስጫ አይቼ አላውቅም። ደምሌ ብቻ ዳር ቆሞ ጽሑፌን ከስልኩ ላይ ይከታተላል።

«ባለጊዜ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ልዘላት ሞከርኩ።

«አይዞህ፣ ጨርሳት» አሉኝ አያ ስመኘው። ስጨርስ ቀጠሉ። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ያን ያነበበው ሰው ሁሉ እዚህ የለም። እዚያው መልሰህ ጻፈው።»

ጻፍኩት። ስምምነቱን፣ ዕጣውን፣ የመስኩን ሁለት በሮች ሳይቀር ዘረዘርኩ። ባለጊዜውን ሲቀባበል የሰነበተው ሕዝብ እርማቱን አይቶ እንዳላየ አለፈው። አንዳንዶች ደግሞ ካድሬ አሉኝ። ዕጣው ለእኔም ደረሰኝ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን አዲስ አስተያየት መጣ። የደምሌ ነው። «አሁንም ተሳስተዋል። የመስኩ በር ሦስት ነው፤ ሦስተኛው በእኔ ማሳ በኩል ያለው ነው። ሌላው ልክ ነው። ለእርቁ እሁድ እመጣለሁ።»

በመታረም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያውኑ «ሁለት» የሚለውን አጥፍቼ «ሦስት» አልኩ።